ፊት አልነሳኋችሁም፦ ጭንቅላት ሲመታ ፊት ለምን ይዝላል?

በእኛ አገር «አዎ» ለማለት አፍ መክፈት ግድ አይደለም። ቅንድብን ከፍ አድርጎ ትንፋሽን በስሱ ወደ ውስጥ መሳብ ይበቃል። የእኔ «አዎ» ግን ሰባት ዓመት ሆነው፣ በአንድ ቅንድብ ብቻ ነው። የግራው ባለበት ይቀራል። ከሆስፒታል በወጣሁ ሰሞን አንዲት የሰፈራችን እናት መንገድ ላይ ሰላም ብለውኝ ካለፉ በኋላ ቤት ድረስ መጥተው እናቴን «ልጅሽን ምን አስቀየምኩት? ፊት ነሳኝ እኮ» አሏት። እኔ ግን ፈግጌላቸው ነበር። በውስጤ የተሰማኝ ሙሉ ፈገግታ ነው፤ ፊቴ ላይ የደረሰው ግማሹም አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ለእሳቸውና እንደ እሳቸው ላዘኑ ሰዎች ነው። ከዚያም በላይ ለአስታማሚዎች ነው። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው አልጋ አጠገብ ጋቢ ለብሶ የሚያድረው አስታማሚ፣ ሐኪሙ በዙር ሲያልፍ የማያየውን ነገር ሌሊቱን ሙሉ ያያል። ምን ማየት እንዳለበት የሚነግረው ካገኘ፣ የበሽተኛውን ዓይን ሊያተርፍ ይችላል።

የእኔ ጉዳት የተለመደ ዓይነት ነው። ከአዘዞ ወደ ጎንደር ፒያሳ የምመጣበት ባጃጅ ተገለበጠ፤ የጭንቅላቴ ግራ ጎን አስፋልት ላይ አረፈ፤ ከግራ ጆሮዬ ደም ወጣ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ፊቴ ደህና ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሻይ ስጠጣ በከንፈሬ ዳር ፈሰሰ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝና መሐረቧን አፏ ላይ ያዘች።

ምን እንደሆነ ለመረዳት መዳፍዎን ከጆሮዎ በታች አድርገው አምስቱን ጣቶችዎን ፊትዎ ላይ ይዘርጉ። አውራ ጣት ወደ ግንባር፣ ሌሎቹ ወደ ዓይን፣ ወደ ጉንጭ፣ ወደ አገጭ፣ የመጨረሻዋ ወደ አንገት። የፊት ነርቭ ቅርንጫፎች የሚዘረጉት በዚህ መልክ ነው። ከአንጎል ከሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች ሰባተኛው ነው፤ ለእያንዳንዱ የፊት ጎን አንድ አንድ አለን። ቅንድብ የሚያነሳው፣ ዓይን የሚከድነው፣ ከንፈር የሚሰበስበው እሱ ነው። ችግሩ ያለው መዳፉ ከመዘርጋቱ በፊት ባለው መንገድ ላይ ነው። ነርቩ ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ ከጆሮ በታች እስኪወጣ ድረስ ጆሮን በያዘው የራስ ቅል አጥንት ውስጥ፣ ሦስት ሳንቲሜትር ያህል በሚረዝም ጠባብና ጠምዛዛ የአጥንት ቦይ ያልፋል። የቦዩ ጠባቧ ቦታ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አትሞላም። ከራስ ቅል ነርቮች መካከል ይህን ያህል ረጅም መንገድ በአጥንት ውስጥ የሚሄድ ሌላ የለም።

ጣት ሲያብጥ ቀለበቱ ምን እንደሚያደርገው ያስቡ። እብጠቱ መሄጃ ሲያጣ ቀለበቱ ጣቱን ያንቀዋል። በአጥንት ቦይ ውስጥ ያለ ነርቭም ሲያብጥ እንደዚያ ይታነቃል። የእኔ ይህ ነው፤ አጥንቱ ተሰነጠቀ፣ ነርቩ ግን አልተበጠሰም፤ ቀስ በቀስ አብጦ በሦስተኛው ቀን ሥራውን አቆመ።

ከእኔ ማዶ የተኛው ወጣት ሌላ ነበር። ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ወድቆ ራሱን ስቶ ነው የመጣው። ራሱን የሳተ ሰው አይፈግግም፣ ቅንድቡን አንሣ ቢሉት አይሰማም፤ ሁሉም ሰው ስለ ሕይወቱ ይጨነቅ ነበር እንጂ ፊቱን ያየ አልነበረም። ያየችው እናቱ ናት። «ሲተኛ አንድ ዓይኑ አይከደንም» አለች። ይህች ሴት የተናገረችው ዓረፍተ ነገር በሕክምናው መንገድ ላይ ትልቅ ክብደት ያለው ነው። ምክንያቱም የፊት መዛሉ የተጀመረበት ሰዓት ከምንም በላይ ስለ ነርቩ ይናገራል። ፊት ከአደጋው ጋር አብሮ፣ ወዲያው፣ ሙሉ በሙሉ ከዛለ ነርቩ ተበጥሶ ወይም በአጥንት ስባሪ ተጨፍልቆ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ሲንቀሳቀስ ቆይቶ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ከዛለ ግን ነርቩ አልተቆረጠም ማለት ነው፤ አብዛኛው እንዲህ ያለ ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና በደንብ ይመለሳል። ስለዚህ አስታማሚ ሆይ፣ በመጀመሪያው ቀን በሽተኛው ሲያቃስት ወይም መርፌ ሲወጋ ፊቱን ሲያኮማትር ተመልከት። ሁለቱም ጎን ይኮማተራል? ሰዓቱን ጻፈው፣ ለሐኪሙም ንገረው። ከቻልክ በስልክህ ቅረጸው።

ከጆሮ የሚወጣ ደም፣ ከጆሮ ጀርባ የሚታይ ጥቁር የቁስለት ቀለም፣ በድንገት የጠፋ መስማት፣ ዓለም የሚዞር የሚመስል ማዞር፣ እነዚህ ሁሉ ጆሮን የያዘው አጥንት ሳይሰበር እንዳልቀረ ይጠቁማሉ። ስብራቱ የውስጥ ጆሮን ሰንጥቆ ካለፈ፣ ፊትን የማዛል ዕድሉ የውስጥ ጆሮን ካልነካ ስብራት በብዙ ይበልጣል። በሲቲ ስካን ይታያል። ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ከወጣ የአንጎል ፈሳሽ ሊሆን ስለሚችል ጥጥ አይወተፍ፣ በጆሮ ውስጥ ምንም ጠብታ አይጨመር፣ በሽተኛው አፍንጫውን በኃይል አይናፈጥ። እንቅልፍ እየከበደው የሚሄድ፣ ደጋግሞ የሚያስታውክ፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም አንድ እጁ የከዳው ሰው ካለ ደግሞ የፊቱን ነገር ትቶ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሮጥ ነው።

አንድ ቀላል ፈተና አለ፤ ማንም ቤት ውስጥ ሊያደርገው ይችላል። ቅንድብህን አንሣ ይበሉት። ግንባሩ በሁለቱም በኩል ተሸብሽቦ አፉ ብቻ በአንድ ጎን ከወደቀ፣ ጉዳቱ ከነርቩ በላይ፣ አንጎል ውስጥ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። ግንባር ከሁለቱም የአንጎል ንፍቀ ክበቦች ትእዛዝ ስለሚቀበል አንዱ ቢታመም ሌላው ያንቀሳቅሰዋል። ግንባርም፣ ዓይንም፣ አፍም በአንድ ጎን ከዛሉ ግን የተጎዳው ራሱ የፊት ነርቭ ነው።

በሰፈር የሚነገረው ብዙ ነው። ብርድ መታው፣ ነፋስ ነካው፣ ምች ነው፣ ለከፈው። ማንንም አላሳፍርም፤ ስጋት ያለበት ሰው ስም ይፈልጋል። ደግሞም ያለ አደጋ፣ ሳይታሰብ በአንድ ሌሊት ፊት የሚያዝል ሕመም በእርግጥ አለ፤ የፊት ነርቭን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1821 በገለጸው በስኮትላንዳዊው ሐኪም በቻርልስ ቤል ስም ይጠራል። በእሱ ለተያዙ ሰዎች በ72 ሰዓታት ውስጥ የሚጀመር ፕሬድኒሶሎን የተባለ እብጠት የሚቀንስ ክኒን ይጠቅማል። ይህን የሰማ ዘመድ ጭንቅላቱን ለተመታ ሰውም ያንኑ ክኒን ከፋርማሲ ገዝቶ ሊያመጣ ይችላል፤ ለእኔም አንዱ አጎቴ አምጥተውልኝ ነበር። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ በሆነና ጭንቅላታቸውን የተጎዱ ከ10,000 በላይ ሰዎችን ባካተተ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ የዚሁ ቤተሰብ የሆነውን ሜቲልፕሬድኒሶሎን በብዛት በደም ሥር የወሰዱት፣ ካልወሰዱት ይልቅ በሁለት ሳምንት ውስጥ በብዛት ሞተዋል። ክኒኑና መርፌው በመጠን አይተካከሉም፤ ነገር ግን ለተጎዳ ጭንቅላት ይህን መድኃኒት መስጠትና መከልከል የሐኪም ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዓይን ልምጣ። ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ላይ የተሣሉት የመላእክት ፊቶች ዓይናቸውን እንዳፈጠጡ ዘመናት አልፈዋል። የሰው ዓይን ግን እንዲያ ሊኖር አይችልም። በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል እንርገበገባለን፤ እያንዳንዷ እርግብግቢት እንባን በዓይን ላይ ትቀባለች፣ አቧራን ትጠርጋለች። የፊት ነርቭ ሲዝል ይህ ይቆማል። የዓይን የፊት ለፊት ግልጽ ሽፋን፣ ሐኪሞች ኮርኒያ የሚሉት፣ ይደርቃል፣ ይላጣል፣ ይቆስላል። ቁስሉ ሲድን ነጭ ጠባሳ ከተወ ብርሃን አያልፍበትም። ፊቱ በስድስት ወር የተመለሰለት ሰው፣ በሁለተኛው ሳምንት ያጣውን ዓይን መልሶ አያገኘውም። በእኛ በደጋው በደረቅ ወራት የሚነሣው ነፋስና አቧራ፣ የምጣድ ጭስ፣ የእጣን ጭስ፣ የአውድማ እብቅ ነገሩን ያብሱታል።

እንግዲህ የሚደረገው ይህ ነው። ቀን ቀን ሰው ሠራሽ እንባ የሚባለውን ጠብታ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ መጨመር፤ ማታ ወፍራም የዓይን ቅባት ማድረግ፤ ከዚያ የላይኛውን ሽፋን በጣት ቀስ አድርጎ ወደ ታች ከድኖ፣ ተከድኖ እንዲያድር ከላይ በፕላስተር መያዝ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዓይኑ ሳይከደን ጥጥ ወይም ፋሻ ደርበው ያስሩታል፤ ጨርቁም የተከፈተውን ዓይን ሌሊቱን ሙሉ ይፍቀዋል። መጀመሪያ መክደን፣ ቀጥሎ መያዝ። ውጭ ሲወጡ መነጽር ማድረግ። ቀን ላይ ትዝ ባለ ቁጥር ሽፋኑን በንጹሕ ጣት ማርገብገብ። እኔ ክፍል ውስጥ ሳስተምር ሰሌዳ ወደ መጻፍ በዞርኩ ቁጥር አደርገው ነበር፤ ተማሪዎቼ ሳያዩ።

ሌላው ደግሞ በእኛ ክልል ችላ የማይባል ነው። የአማራ ክልል በትራኮማ እጅግ ከተጠቁት የኢትዮጵያ አካባቢዎች አንዱ ነው። ትራኮማ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ የቀለበሰበት ሰው ፊቱ ከዛለ፣ የማይከደነው ዓይን በራሱ ፀጉር ይፋቃል። እንዲህ ያሉ እናትና አባት ካሉ፣ ለዓይን ሐኪሙ ሳይጠየቁ ይንገሩ። ቅጠል ጨምቆ ዓይን ውስጥ መጨመር ፈጽሞ አይገባም። ጠበል የሚጠመቅ ሰው፣ ያ የማይከደነው ዓይን ውሃው በኃይል እንዳይመታው በእጁ ከድኖ ይጠመቅ፤ ይህ ከእምነቱ ምንም አይቀንስም፤ ማታ ቅባቱንም አይተው።

ዓይኑ ከቀላ፣ ከቆረቆረ፣ ብርሃን ከጠላ፣ ከደበዘዘ ወይም ነጭ ነጠብጣብ ከታየበት በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ማየት አለበት። ሕመም አለመኖሩም አያጽናናም። የፊትን ስሜት የሚያስተላልፈው ሌላ ነርቭ፣ አምስተኛው፣ ነው፤ በአደጋው እሱም ከተጎዳ ዓይን እየቆሰለ አይታመምም። እንዲህ ያለው ከሁሉ የሚያሰጋው ነው። ጎንደር ላይ የዓይን ሕክምና ርቆ የሚፈለግ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው የዛሬው ዩኒቨርሲቲ በሆስፒታሉ የዓይን ሕክምናም ፊዚዮቴራፒም አለው።

ስለ አምስተኛው ነርቭ ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። ሰዎች የዛለ ፊት የደነዘዘ ይመስላቸዋል። አይደለም። እናቴ የግራ ጉንጬን ስትስመኝ እንደ ቀኙ ይሰማኛል። የዛለው እንቅስቃሴው ነው።

ነርቭ እንዴት ይመለሳል? ልክ እንደ ሽቦ ነው፤ ውስጡ ክር፣ ውጩ ሽፋን አለው። ክሩ ተጎድቶ ሽፋኑ ከዳነ፣ ክሩ በሽፋኑ ውስጥ መንገዱን ይዞ በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል ያድጋል። ከጉዳቱ ቦታ እስከ ከንፈር 10 ሳንቲሜትር ቢሆን 100 ቀን ማለት ነው፤ ከዚያም ጡንቻው ለመንቃት ጊዜ ይወስዳል። ሦስት ወር ጠብቆ ምንም ያላየ ሰው ተስፋ ቢቆርጥ አይፈረድበትም፤ ግን ገና ነው። ሐኪሞች የነርቩን መልእክት በኤሌክትሪክ ይለካሉ። የተቆረጠ ነርቭ የወዲያኛው ጫፉ ለሦስት ቀን ያህል ሕያው መስሎ ስለሚመልስ፣ ልኬቱ ከዚያ በፊት ሊያታልል ይችላል። ፊቱ ወዲያው በዛለና ነርቩ ከ90 በመቶ በላይ በሞተበት ሰው ላይ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ስፔሻሊስት ቦዩን ከፍቶ ነርቩን ለማላቀቅ ወይም ለመስፋት ሊያስብ ይችላል። ያ ከእኔ ማዶ የነበረው ወጣት ለዚሁ ወደ አዲስ አበባ ተላከ።

ጡንቻም ለዘላለም አይጠብቅም። ከ18 እስከ 24 ወር ትእዛዝ ያልደረሰው ጡንቻ እየመነመነ ስለሚሄድ፣ ከዚያ በኋላ ነርቭ ብቻ ማገናኘት አይበቃም። ለዚህ ነው «ይተወዋል፣ ይተወዋል» እየተባለ ዓመታት ሲያልፉ የማዝነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከምላስ ወይም ከማኘኪያ ጡንቻ ነርቭ ተበድሮ ከፊት ነርቭ ጋር ማገናኘት ይቻላል። ጊዜው ካለፈም ከጭን የተወሰደ ቀጭን ጡንቻ ጉንጭ ላይ ተተክሎ ፈገግታ የሚመልስ ቀዶ ሕክምና በዓለም ላይ አለ። ዓይን ብቻውን ካስቸገረ የላይኛው ሽፋን ውስጥ ትንሽ የወርቅ ወይም የፕላቲኒየም ክብደት አስገብቶ በራሱ ክብደት እንዲከደን ማድረግ ይቻላል።

የእኔ ነርቭ በአራተኛው ወር መመለስ ጀመረ፤ ሲመለስ ግን መንገድ ሳተ። ይህ ብዙ ሰው ሳይነገረው የሚደርስበት ነው። የሚያድጉት ክሮች ወደ ቀድሞ ጡንቻቸው ሳይሆን ወደ ጎረቤት ይሄዳሉ። ስስቅ የግራ ዓይኔ ይጨፈናል፤ ዓይኔን ስጨፍን የከንፈሬ ዳር ይሳባል። ለምራቅ ዕጢ የታሰበው ክር የእንባ ዕጢ ውስጥ ስለገባ፣ ምግብ ስበላ ግራ ዓይኔ ያነባል። በአንድ ሰርግ ቤት አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ወጡ በርበሬ የበዛበት መስሏቸው ውሃ ጠሩልኝ፤ ቀጥለው ግን ዝም ብለው ትከሻዬን ዳበሱኝ። ያለቀስኩ መስሏቸው ነው። ይህ በትክክል የሚታወቅ ነገር መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ቀደም ብሎ የነገረኝ ቢኖር ብዙ ሌሊት እተኛ ነበር።

ስለዚህም ልምምድ ሲባል ፊትን በኃይል ማጣመም፣ ቀኑን ሙሉ ማስቲካ ማኘክ ወይም ከገበያ በተገዛ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ጉንጭን መምታት አይደለም። ጡንቻ ሁሉ በአንድ ላይ መሳብን ይማራል፤ የሳተው መንገድ ይጸናል። ፊዚዮቴራፒስቱ ያስተማረኝ መስታወት ፊት ቁጭ ብዬ፣ በጣም ትንሽ፣ በጣም ቀስ ብዬ መፈገግ ነው፤ ዓይኔ ሊጨፈን ሲል ማቆም፣ መልሶ መጀመር። በቀን ሁለት ጊዜ አሥር ደቂቃ። የሚበረታውን ጎን ማሳረፍንም መማር ያስፈልጋል፤ ጤነኛው ጎን የሌላውን ድርሻ ለመሸፈን ሲጎትት ነው ፊት ይበልጥ የሚጣመመው። የሳተው እንቅስቃሴ ሲጠና በቦቱሊነም መርፌ ማላላት ይቻላል።

መብላት የራሱ ትምህርት አለው። በዛለው ጉንጭና በድድ መካከል ምግብ ይቀራል፤ ከማዕድ በኋላ በጣት ወይም በውሃ ማውጣት ካልተለመደ ጥርስ ይበሰብሳል። ውሃ ሲጠጡ የዛለውን የከንፈር ዳር በጣት መያዝ ይረዳል። ጉርሻ ግን ከባድ ነው። የሚያጎርስ ሰው ፍቅሩን በትልቅነቱ ነውና የሚገልጸው፣ እምቢ ማለት አይቻልም። እኔ «በቀኝ በኩል፣ አነስ አድርጋችሁ» ማለትን ለምጃለሁ፤ ማንም አልተቀየመኝም።

ንግግርም አለ። በ፣ መ፣ ፈ፣ ፐ ሁሉም ከንፈር ይፈልጋሉ። ጰ ከሁሉ ትብሳለች፤ አየርን በከንፈር አምቆ ድንገት መልቀቅ ስለምትሻ በዛለው በኩል ትሾልካለች። በመጀመሪያው ዓመት «ጳጉሜን» ማለት ሲያቅተኝ ተማሪዎቼ ፊት ቀኑን በቁጥር እጠራው ነበር። አንድ ጣት የከንፈሬ ዳር ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ መናገር እንደሚያስተካክለው ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። በተጨማሪም በመካከለኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚያለዝብ ትንሽ ጡንቻ በዚሁ ነርቭ ስለሚታዘዝ፣ የሰሃን ኳኳታ እንኳ ጆሮን ሊሰነጥቅ ይችላል። በሽተኛው «ቀስ በሉ» ሲል ተናዶ አይደለም። የምላስ የፊተኛው ሁለት ሦስተኛ ጣዕምም ሊጠፋ ስለሚችል፣ ወጡ ጨው የለውም ቢል አብሳዩ አይዘን።

ሰው ፊት አይቶ ነው ሌላውን የሚያነበው፤ ይህን ልማድ ማንም አይተወውም። ከዛለ ፊት ጋር ሲያወሩ ግን ወደ ቀኙ ወይም ወደ ግራው፣ ወደሚንቀሳቀሰው ጎን ይቀመጡ፤ ድምፁን ይስሙ፤ ቃሉን ይመኑ። ሕፃን ቢፈራ አይጎትቱት፤ «አጎትህ ወድቆ ፊቱ ተጎድቶ ነው፣ አያምመውም» ማለት ይበቃል፤ ልጆች ከአዋቂ ቀድመው ይለምዱታል። ከቤት መውጣት ያቆመ፣ ፎቶ መነሣት የተወ፣ ሰርግ ላለመሄድ ምክንያት የሚያበዛ ሰው ካለ፣ ለሐዘኑም ሕክምና አለና ስለ ፊቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ልቡም ሐኪም ይጠየቅ። እኔም በሁለተኛው ዓመት ሄጄ ነበር፤ ጠቀመኝ።

እኚያ የሰፈራችን እናት ዛሬም በየጠዋቱ በደጃቸው ሳልፍ ሰላም ይሉኛል፤ አሁን ቀኝ ቅንድቤን ነው የሚያዩት። ቡና ቤት ስገባ ግን እስካሁን ግድግዳውን በግራዬ አድርጌ እቀመጣለሁ።